እቤታችሁ ያለው የብረት ቆብ የማን ነበር? የጦር ክፍል ምልክትን ሳያበላሹ የማንበብና የማቆየት መመሪያ

ከደጀን እስከ ዳንግላ ባለው አገር የድሮ ወታደር የብረት ቆብ የቤት ዕቃ ሆኖ ቢገኝ ማንም አይደነቅም። አንዱ ማድቤት ውስጥ ጥላሸት ለብሶ ተንጠልጥሏል። አንዱ የዶሮ ውኃ ማጠጫ ሆኗል። ሌላው ከአያት ጎራዴ ጎን ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። እንግዳ ሲመጣ ይወጣና «የጣልያን ነው» ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ግን የየትኛው ጣልያን? ደግሞስ የጣልያን ነው ወይ? የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ቆቡ ግንባር ላይ ነው ያለው። በብዙ አገር ጦር ውስጥ ወታደሮች የክፍላቸውን ምልክት ቆባቸው ላይ ይቀቡ ወይም ይሰኩ ነበር። ችግሩ፣ ምልክቱ ስስ የቀለም ሽፋን ነው። ብረቱ ሰማንያ ዓመት ይቆያል። ምልክቱ ግን አምስት ደቂቃ በአሸዋና በሎሚ ከተፈተገ የለም።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ መጀመሪያ ይነበባል፣ ከዚያ ይጸዳል። ብዙ ሰው የሚያደርገው በተቃራኒው ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ቆቡ ይታጠባል፣ ይፈተጋል፣ አንዳንዴም ለበሩ ከተገዛው ቀለም ይቀባል። ከዚያ በኋላ የቀረው የብረት ጎድጓዳ ሳህን ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

ቆቡን ያገኛችሁት ቤት ውስጥ ሳይሆን እርሻ ላይ፣ ጉድጓድ ስትቆፍሩ ወይም ዋሻ ውስጥ ከሆነ አትጎትቱት። አጠገቡ ጥይት ወይም ያልፈነዳ ቦምብ ሊኖር ይችላል። አፈር ውስጥ የከረመ ቦምብ አርጅቷል ተብሎ አይታመንም። ቦታውን አስታውሳችሁ ራቁ፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ተናገሩ።

የድሮ ወታደራዊ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን አትፋቁ፣ ብናኙንም አትተንፍሱ። ከጨረሳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዶሮዋም ከዛሬ ጀምሮ ውኃዋን ከሌላ ዕቃ ትጠጣ።

ሌላም አለ። በዚህ ሰሞን ጎጃም ውስጥ ወታደራዊ ዕቃ ይዞ መንገድ መውጣት ጣጣ አለው። ኬላ ላይ «የአያቴ ነው» የሚል መልስ ላይበቃ ይችላል። ባለሙያ ለማሳየት ብላችሁ ቆቡን ተሸክማችሁ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር አትሂዱ። ፎቶው ይሂድ፣ ቆቡ እቤት ይቀመጥ። አጥልቃችሁትም ፎቶ አትነሱ።

ደረጃ 1፦ እንዳለ ፎቶ አንሱት

ጥላሸቱን ሳትጠርጉ፣ የሸረሪት ድሩን ሳታነሱ መጀመሪያ ፎቶ ይነሳ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከውስጥ። ውስጡን አትዝለሉት፤ ስለ ቆቡ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። ከጎኑ የልብስ ሰፊ ሜትር ዘርጉ፤ የሚያየው ሰው መጠኑን እንዲያውቅ።

ብርሃኑ የጠዋት ወይም የደመና ቢሆን ይመረጣል። የቀትር ፀሐይ ብረት ላይ ያብለጨልጭና ምልክቱን ይሰውረዋል። ስልካችሁ ፎቶ የሚያሳምር ማጣሪያ ካለው አጥፉት።

ደረጃ 2፦ ቅርጹን ለዩ

ምልክቱን ለመተርጎም መጀመሪያ የማን ጦር ቆብ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። አንድ ዓይነት ሥዕል በሁለት አገር ጦር ሁለት ትርጉም አለው። እኛ አገር የሚገኙት ዓይነቶች ደግሞ ብዙ አይደሉም።

የመጀመሪያው የጣልያኑ ኤም 33 ነው። ክብና ጥልቅ ነው፣ ከፊት በኩል ጠርዙ ትንሽ ወጣ ይላል። የሚለየው መሐላቸው ክፍት በሆነ ሦስት ሪቬቶቹ (ብረትን የሚያያይዙ አጫጭር ሚስማሮች) ነው፦ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ አንዱ ከኋላ። ሪቬቶቹ የውስጡን ቆዳ ይይዛሉ፣ አየርም ያስገባሉ። ብዙ ሰው ይህን ቆብ «የጀርመን» ይለዋል። አይደለም። የጀርመኑ ጆሮና ማጅራት ላይ ሰፋ ብሎ ይወርዳል፤ የጣልያኑ ግን ቅርጹ ለስለስ ያለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «33» የሚለው ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1933 ነው። በእኛ 1925 እና 1926 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ የገቡት ደግሞ በእኛው አቆጣጠር መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን 33ቶች አገናኝቶ «ጃንሆይ የገቡ ዕለት የተሠራ ቆብ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ስህተት ነው።

ሁለተኛው የቡሽ ቆብ ነው። ብረት አይደለም። ከቡሽ ተሠርቶ በካኪ ጨርቅ የተሸፈነ የፀሐይ መከላከያ ነው። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ጣልያኖቹ በብዛት ያደረጉት ይህን ነው። ግንባሩ ላይ ከጨርቅ የተሠራች ክብ የባንዲራ ምልክት ትኖራለች፤ መሐሏ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ዳሯ ቀይ። በእሷ ላይ የክፍሉ የብረት ዓርማ ይሰካል። ምስጥና እርጥበት ቡሽን ስለማይምሩት በደህና ሁኔታ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው የእንግሊዙ ማርክ 2 ነው። ዝርግ ነው፣ ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ አለው፣ የተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። የክፈፉን ስር አገላብጣችሁ እዩ። የፋብሪካው ፊደላትና የተሠራበት ዓመት ተመትቶ ሊገኝ ይችላል። ከኋላ ክፈፉ ላይ ሦስት ቀዳዳዎች ካሉት የደቡብ አፍሪካ ሥራ ነው። በ1933 ዓ.ም. ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ከጣልያን ጋር ከተዋጉት መካከል ደቡብ አፍሪካውያን ስለነበሩ ይህ ዓይነቱ አገራችን ቢገኝ አያስገርምም።

አራተኛው የአሜሪካው ኤም 1 ነው። ሁለት ቆብ በአንድ ነው፦ ከላይ ብረት፣ ከውስጥ የሚወጣና የሚገባ ቀላል ቆብ። ብዙ ቤት ብረቱ ብቻ ቀርቷል፤ የውስጡ ጠፍቷል።

አምስተኛው የሶቪየት ነው። ደርግ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ትጥቁን በአብዛኛው ከሶቪየት ኅብረት ነበር የሚያገኘው። ኤስኤስኤች 40 የሚባለው ዓይነት ከታች ጠርዙ አካባቢ ዙሪያውን ስድስት ሪቬት አለው። ሪቬቶቹን ቁጠሩ፤ ከጣልያኑ ሦስት ጋር አይምታታባችሁ።

ደረጃ 3፦ የተሰወረውን ምልክት በብርሃን ፈልጉት

ምልክቱ በዓይን ከታየ ጥሩ። ብዙ ጊዜ ግን አይታይም። የጣልያኑ ምልክት ጥቁር ነው፤ የማድቤት ጥላሸትም ጥቁር ነው። ጥቁር በጥቁር ላይ ማን ያያል?

ዘዴው እንዲህ ነው። ማታ ክፍሉን አጨልሙ። ቆቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የስልክ ባትሪ አብሩና ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ብርሃኑ ብረቱን ታክኮ ሲሄድ የቀለሙ ጠርዝ ትንሽ ጥላ ይጥላል። በቀን የማይታየው ሥዕል ያኔ ብቅ ይላል። ባትሪውን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ ከታች አዙሩት፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። አንድ ሰው ባትሪ ቢይዝ፣ አንድ ሰው ቢያነሳ ይቀላል። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል።

ከዚያ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩትና በጨለማውና በብርሃኑ መካከል ያለውን ልዩነት ከፍ አድርጉት። በዚህ ብቻ ቁጥር ሲነበብ ትገረማላችሁ።

የት የት እንፈልግ? መጀመሪያ ግንባር። ቀጥሎ ሁለቱ ጎኖች። ቀጥሎ ከኋላ። መጨረሻ ላይ ውስጡ፣ በተለይ ቆዳው ላይና ከቆዳው ስር። ወታደሮች ስማቸውን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ውስጥ ነው።

ደረጃ 4፦ የጣልያኑን ምልክት አንብቡ

ጎጃም ላይ ትርጉም ያለው ይህ ክፍል ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ።

በኤም 33 ላይ ምልክቱ ግንባር ላይ በጥቁር ቀለም ነው የሚቀባው። ቅርጹ የተቆረጠበት ስስ ቆርቆሮ ወይም ካርቶን ቆቡ ላይ ይደገፍና ቀለሙ በላዩ ይመታል። ስለዚህ የሥዕሉ መስመሮች እዚህም እዚያም የተቆራረጡ ይሆናሉ። መቆራረጡ ጉድለት አይደለም፤ የአሠራሩ ምልክት ነው።

ሥዕሉን በክፍል በክፍል እዩት። ዘውድና የተመሳቀሉ ሁለት ጠመንጃዎች ካሉ እግረኛ ጦር ነው። መሐሉ ላይ ባለች ክብ ውስጥ ቁጥር ካለ የሬጅመንቱ (ጥቂት ሻለቃዎችን የሚይዘው ክፍል) ቁጥር ነው። የተመሳቀሉ መድፎች ካሉ መድፈኛ ነው። የተመሳቀሉ መጥረቢያዎች ከሆኑ መሐንዲስ ጦር ነው። ንስር ክንፉን ዘርግቶ ከታቹ ጠመንጃና ቀንደ መለከት ካለ አልፒኒ የሚባለው የተራራ ጦር ነው። ቀንደ መለከት ኖሮ ከላይ ወደ ጎን የሚነፍስ ነበልባል ያላት ቦምብ ካለች ቤርሳሊየሪ የሚባለው ፈጣን እግረኛ ጦር ነው። ነበልባል የምትተፋ ቦምብ ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ግራናቲየሪ (የእግረኛ ክፍል) ወይም ካራቢኒየሪ (ወታደራዊ ፖሊስ) ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ቦምቧ ውስጥ ያለው ቁጥር ወይም ፊደል ነው የሚለየው።

በገመድ የታሰረ የዘንግ እስር ከመጥረቢያ ጋር ካያችሁ የፋሽስቱ ፓርቲ ሚሊሻ ነው፤ ጥቁር ሸሚዝ የሚባሉት። ይህ ምልክት ከሌሎቹ ይለያል። ባለቤቱ የመደበኛው ጦር ወታደር ሳይሆን የፓርቲው ሰው ነበር ማለት ነው።

ቤርሳሊየሪን በሌላም መንገድ ማወቅ ይቻላል። በስተቀኝ በኩል ላባ የሚሰካበት ትንሽ የብረት መያዣ ወይም የመያዣው ቀዳዳ አለ። ቡሽ ቆባቸውም ላይ ላባ ይሰኩ ነበር። ለጎጃም ይህ ቁም ነገር አለው። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው በጣልያኑ አዛዥ በስታራቼ የተመራው ፈጣን ጦር ውስጥ 3ኛው የቤርሳሊየሪ ሬጅመንት ነበረበት። ያ ጦር ከጎንደር ወደ ጣና ዙሪያ ወርዶ ቀጥሎ ጎጃም ገብቷል።

አሁን ጥንቃቄ። ምልክቱ የሚነግራችሁ ቆቡ መጀመሪያ ለየትኛው ክፍል እንደተሰጠ ነው። የት እንደተማረከ አይነግራችሁም። ለምሳሌ የግራናቲየሪ ዲ ሳቮያ ክፍለ ጦር መቀመጫው አዲስ አበባ ነበር፤ ከረንም ላይ ተዋግቷል። የእሱ ቆብ ቢቸና ቢገኝ «ቢቸና ላይ ግራናቲየሪ ተዋግቷል» ማለት አይደለም። ቆብ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ በስጦታ ይሄዳል፣ ከምርኮ መጋዘን ይወጣል።

ሌላም ነገር አስቡ። ጎጃም ውስጥ ለጣልያን ከተሰለፉት ብዙዎቹ ጣልያኖች ሳይሆኑ ከቅኝ ግዛት የመጡ አስካሪዎች ነበሩ። አስካሪው በተለምዶ የሚያደርገው የብረት ቆብ ሳይሆን ቀይ ጣርቡሽ ወይም ጥምጥም ነበር። ሻለቃው የሚታወቀው በወገቡ መታጠቂያ ጨርቅ ቀለም ነው። ስለዚህ የአያት ሳጥን ውስጥ ቆብ ባይኖርም ባለቀለም የሱፍ መታጠቂያ ካለ አትጣሉት። እሱም የክፍል ምልክት ነው።

የቡሽ ቆቡ ዓርማ ከወደቀ ቀዳዳዎቹን እዩ። ፀሐይ ጨርቁን ሲያነጣ ከዓርማው ስር ያለው ቦታ አይነጣም። ዓርማው የለም፤ ጥላው ግን ጨርቁ ላይ አለ። ያንን ጥላ ፎቶ አንሱ፣ ለኩ።

ደረጃ 5፦ የሌሎቹ ቆቦች ምልክት

ኤም 1 ሲገኝ ሁሉም ሰው «የኮሪያ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደረሰ። የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ስር ነበር። የ7ኛው ክፍለ ጦር ምልክት ቀይ ክብ ሆኖ መሐሉ ላይ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የተነካኩበት ነው። ቅርጹ የሚመጣው አንድ ቀጥ ያለና አንድ የተገለበጠ 7 ቁጥር ሲደራረቡ ነው። ይህን ምልክት ካገኛችሁ የኮሪያው ታሪክ ክብደት ያገኛል።

ምልክት ከሌለው ግን አትቸኩሉ። በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ ወታደራዊ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ ትጥቅ ለጦራችን በብዛት መጥቷል። ኮሪያን ያላየ ኤም 1 ሞልቷል።

ሰማያዊ የተቀባ ቆብ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ነው። የኢትዮጵያ ጦር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንጎ ዘምቷል፤ ጠቅል ብርጌድ የሚለውን ስም ከዘማቾች ትሰሙ ይሆናል። ሰማያዊው ቀለም ተልእኮውን እንጂ ሻለቃውን አይነግርም። ለዚያ የዘማቹ መታወቂያ፣ ሜዳሊያ ወይም የቡድን ፎቶ ያስፈልጋል። ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ካለ ከስሩ ሌላ ቀለም እንዳለ እዩ።

የሶቪየቱ ላይ የክፍል ምልክት እምብዛም አይገኝም። ውስጡ በቀለም የተመታ የፋብሪካ ማኅተምና ዓመት ግን ሊኖር ይችላል፤ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ደረጃ 6፦ የክፍል ምልክት ያልሆነውን ለዩ

ሁሉም ቁጥር የሻለቃ ቁጥር አይደለም። የኤም 1 ውስጥ ግንባር በኩል ተመትቶ የሚገኘው ቁጥር የብረቱ የምርት ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የወታደሩ መለያ አድርጎ ይወስደዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ከኋላ በኩል ነጭ መስመር ይቀቡ ነበር፤ የቆመ መስመር መኮንን፣ የተጋደመ መስመር የበታች ሹም ማለት ነው። እሱ ማዕረግን እንጂ ክፍልን አያመለክትም። የቆዳው ላይ ቁጥር ብዙ ጊዜ የራስ መጠን ነው።

በሚስማር የተጫረ ስም፣ መስቀል ወይም የግዕዝ ፊደል ካለ ደግሞ እሱ የእናንተ ወገን ሥራ ነው። ከማራኪው፣ ከልጁ ወይም ከእረኛ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ከጣልያኑ ምልክት የሚበልጠው ይኼ ነው። እንደ ጭረት ቆጥራችሁ እንዳትወለውሉት።

ደረጃ 7፦ ሐሰተኛውን ጠርጥሩ

ይህ ቆቡን ከአያት ለወረሰ ሰው ብዙም አያሰጋም። ከገበያ ወይም ከኢንተርኔት ለሚገዛ ግን ያሰጋል። ምልክት ያለው ቆብ ምልክት ከሌለው ይወደዳል፤ ስለዚህ ምልክት የሚቀባ ነጋዴ አለ።

ጭረቶቹን ተከተሉ። ቆቡ ላይ ያለ የቆየ ጭረት ምልክቱንም ቆርጦ ማለፍ አለበት። ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ከተገኘ ምልክቱ ከጭረቱ በኋላ የመጣ ነው። ዝገት ላይ የተቀባ ምልክትም እንዲሁ። በተጨማሪ ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት ተውሳችሁ ጨለማ ውስጥ አብሩበት። አንዳንድ የዘመኑ ቀለሞች በዚያ ብርሃን ያበራሉ። ካበራ ጠርጥሩ። ካላበራ ግን «እውነተኛ ነው» ብላችሁ አትማሉ።

ደረጃ 8፦ አሁን አጽዱ፣ ግን በስሱ

ከዕቃችን መካከል የማይገቡት እነዚህ ናቸው፦ አሸዋ፣ አመድ፣ ሎሚ፣ በረኪና፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ። ላምባም ይቅር፤ የቆየ ቀለም ያለሰልሳል፣ ቆዳም ይጎዳል።

በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጀምሩ። ከላይ ወደ ታች አቧራውን አራግፉ። ለብዙ ቆብ ይህ ብቻ ይበቃዋል። ጥላሸቱ ከተጣበቀ ጥቂት ጥጥ በተጣራ ውኃ እርጥብ አድርጉ፤ እርጥብ ነው ያልኩት፣ የሚያንጠባጥብ አይደለም። መጀመሪያ ከኋላ በኩል፣ ምልክት በሌለበት ቦታ ሞክሩ። ጥጡ ጥላሸት ብቻ ይዞ ከመጣ ቀጥሉ። አረንጓዴ ወይም ካኪ ይዞ ከመጣ አቁሙ፤ ቀለሙ እየወጣ ነው። ጥጡን አትፈትጉበት፣ አንከባሉት። በየጊዜው ቀይሩት። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ምልክቱን እራሱን ባትነኩት ይመረጣል፤ ዙሪያው ከጸዳ እሱ በራሱ ይታያል።

የተጣራ ውኃ ጋራዥ ውስጥ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የምትገዙ ከሆነ ልብ በሉ። እዚያው አጠገብ የሚሸጥ የባትሪ አሲድ አለ፤ ጠርሙሱ ይመሳሰላል። አሲዱ ቆቡንም እጃችሁንም ይጨርሳል።

ዝገትን በተመለከተ፣ የሚረግፈውን ብቻ በብሩሽ አንሱ። የያዘውን ተዉት። ውስጡ ቀለም የሌለው ባዶ ብረት ካለ ንጹሕ ሰም በጣም በስሱ ቀብታችሁ በጨርቅ ማሸት ትችላላችሁ። የጎጃም ሰው ሰም አያጣም። ቅቤ ግን አይሆንም፤ ይሸታል፣ አቧራ ይይዛል፣ አይጥ ይጠራል። የውስጡን ቆዳ ቅቤም ዘይትም አትቀቡት። ከደረቀ አታጣጥፉት።

ደረጃ 9፦ ምልክቱን ገልብጡ

ፎቶ ስልክ ውስጥ ይጠፋል። ወረቀት ላይ ቅጂ ይኑራችሁ። ግልጽ ላስቲክ ምልክቱ ላይ አኑሩና ከላዩ በቀጭን ማርከር ተከትላችሁ ሳሉ። የቆቡ ቀለም እየተላጠ ከሆነ ይህን እርምጃ ዝለሉት፤ ላስቲኩ ይዞት ይነሳል። ያኔ ሜትር ይዛችሁ ቁመቱንና ስፋቱን ለክታችሁ በዓይን ሳሉ።

የምታዩትን ብቻ ሳሉ። ግማሹ የጠፋ ቁጥር 3 ይሁን 8 ካልለየላችሁ ግማሹን እንዳለ ተዉት። «8 መሆን አለበት» ብሎ መሙላት ከባድ ፈተና ነው፤ አትሸነፉ።

ደረጃ 10፦ ሽማግሌዎችን ጠይቁ

ምልክቱ ስለ መጀመሪያው ባለቤት ይናገራል። ቆቡ እንዴት ከእናንተ ቤት እንደገባ የሚናገሩት ግን ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ አጠያየቅ ወሳኝ ነው። «ይቺን ቆብ በላይ ዘለቀ ናቸው የሰጡት አይደል?» ብሎ የጠየቀ ሰው «አዎ» መባሉ አይቀርም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ስንት ዕቃ ነው ከበላይ ዘለቀ እጅ የመጣው! ስም አታቀብሉ። ክፍት አድርጋችሁ ጠይቁ።

ለምሳሌ ዘጠና ያለፉ አያት አሉ እንበል።

«አባባ፣ ይቺ ቆብ ከየት መጣች?»

«አባቴ ነው ያመጣት፤ ከደምበጫ መልስ።»

«እርስዎ ያኔ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ምን እሠራለሁ፣ ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ።»

ይህቺ መልስ ትንሽ ትመስላለች። ግን ጥጃ የሚጠብቀው የስድስት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ዓመት ሳይጠሩ ዓመቱን ነገሯችሁ። ከአሁኑ ዕድሜያቸው ጋር ስታሰሉት 1933 ዓ.ም. አካባቢ ላይ ይወድቃል። በዚያ ዓመት የካቲት መጨረሻ ጣልያን ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሽቷል። የአያትየው ወሬና የታሪኩ ሂደት ተገናኙ ማለት ነው። ማስረጃው ሙሉ ባይሆንም ወሬው አየር ላይ የተንሳፈፈ አይደለም።

ዓመት ከመጠየቅ ይልቅ «ከማን ሠርግ በፊት? ከየትኛው ታቦት ንግሥ በኋላ? አንበጣው ከመጣበት በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአንድ በላይ ሰው ጠይቁ፣ ለየብቻ። ፈቅደው ከሆነ ድምፅ ቅረጹ። ሁለቱ ታሪኮች ከተጋጩ ሁለቱንም ጻፉ፤ አታስታርቋቸው።

ደረጃ 11፦ መዝገቡና ማስቀመጫው

ደብተር ላይ አንድ ገጽ ይበቃል። በግራ በኩል ቆቡ ራሱ የሚለው፦ ዓይነት፣ ቀለም፣ የሪቬት ብዛት፣ ምልክቱ፣ መጠኑ፣ ያለበት ቦታ። በቀኝ በኩል ሰው የሚለው፦ ማን ተናገረ፣ መቼ፣ ምን አለ። ሁለቱ አይቀላቀሉ። ነገ የልጅ ልጃችሁ የቱ የታየ፣ የቱ የተሰማ እንደሆነ መለየት አለበት።

ቆቡ ላይ በማርከር አትጻፉ፣ ፕላስተርም አትለጥፉ። ትንሽ ካርድ ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ በክር ማሰሪያው ላይ አንጠልጥሉ። ቆቡን በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሉት። በላስቲክ ከጠቀለላችሁት ክረምት ላይ ውስጡ ያልበዋል፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጭስ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ከማዳበሪያ፣ ከጨውና ከፀረ ተባይ አርቁት፤ ሦስቱም ብረት ሊበሉ ይችላሉ። በማሰሪያው አታንጠልጥሉት፤ ቆዳው ይበጠሳል። መስከረም ሲጠባ አውጥታችሁ አዲስ ዝገት እንዳለ እዩ፣ አቡጀዲውንም ቀይሩ።

ምክር ከፈለጋችሁ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። ለኮሪያው ዘመን አዲስ አበባ ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። ለአርበኞቹ ዘመን ደግሞ የአርበኞች ማኅበር። ፎቶና የደብተሩን ገጽ ላኩ።

ገዢ ቢመጣስ? ይመጣል። መንገደኛ ሰብሳቢ «አሮጌ ብረት ነው» ብሎ ይጀምርና ምልክቱን በስልኩ ሲያነሳ ታዩታላችሁ። ለአሮጌ ብረት ማንም አራት ፎቶ አያነሳም። መሸጥ አለመሸጥ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። ግን ቅርስ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል። ስለዚህ ቆቡ ወደ ውጭ ሊሄድ ከሆነ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ከሸጣችሁም የደብተሩን ገጽና ፎቶዎቹን አብራችሁ አትስጡ፤ ቅጂውን ስጡ።